ዘይቱን የጠጣው ማን ነው?

ሰው ባለማወቁ ቢሳሳት ብዙ አይፈረድበትም። ተምሬአለሁ ብሎ በትምህርቱ ተመክቶ ሲሳሳት ግን ይቅርታ መጠየቁ ራሱ ይከብዳል። ዛሬ ለአንባቢዎቼ የማጫውተው ይህን ሁለተኛውን ዐይነት ስሕተት ነው። የስሕተቱ ምክንያት አንዲት አሮጌ መኪና ስትሆን፣ የተሳሳተው ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የማስተምረው እኔ ነኝ።

አጎቴ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከተገለሉ ወዲህ በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በሴቻ በኩል በሠሯት ቤት ይኖራሉ። እጅን አጣጥፎ መቀመጥ በሽታ ነው የሚሉ ሰው ስለ ሆኑ፣ ለብዙ ጊዜ የጣሉት ዕቁብ በደረሳቸው ጊዜ ከቆጠቡት ጋር ደምረው አንዲት ያገለገለች ቶዮታ ኮሮላ ገዙ። ሕዝቡ «ዲኤክስ» እያለ የሚጠራት ዐይነት ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። ለምን ከዚህ የተሻለ አልገዙም የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ለመግዛት ዐቅም የሌለው ሰው፣ በአገር ውስጥ ያለችውን አሮጊት መኪና እንደ እናቱ ማስታመም ግድ ሆኖበታል።

መኪናይቱን እንዲነዳ የተቀጠረው የዶርዜ ተወላጅ የሆነ ወጣት ነበር። አባቱ ሸማኔ ናቸው። ልጁ ትሑት፣ ጥቂት ተናጋሪ፣ መኪናይቱንም እንደ በቅሎ የሚያጥብ የሚወለውል ነበር። ሥራው ነጋዴውንም እንግዳውንም በኮንትራት ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ማድረስና መመለስ ነው።

ይህን መንገድ ያላየ አንባቢ ስለ ቀሪው ነገር በደንብ እንዲፈርድ ጥቂት ልግለጽለት። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ፣ ሙዝና ማንጎ በሚበቅልበት ሙቅ አገር ያለች ከተማ ናት። ጨንቻ ግን ቀድሞ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረች፣ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ጉምና ብርድ የማይለያት የደጋ ከተማ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መኪና ከቆላ ተነሥታ፣ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ተሰጥቶ ሳያልቅ እምብዛም ሳይዘገይ፣ ከ1,400 ሜትር በላይ ትወጣለች ማለት ነው። የወጣችውንም ያህል ትወርዳለች። በዚህ ዳገት የነዳ ሰው፣ መኪናውን አውቃታለሁ ቢል አያፍርም።

በሁለተኛው ወር አጎቴ መዝገባቸውን ገልጠው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። እሳቸው እንኳን የመኪና ወጪ፣ የሻማና የክብሪት ሒሳብ ሳይቀር የሚጽፉ የቀድሞ ጸሐፊ ናቸው።

«አንተ የተማርኸው፣ ይህን አስረዳኝ» አሉኝ። «ሞተሯ የሚይዘው ሦስት ሊትር ተኩል ያህል ዘይት ነው። በሳምንት 600 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። በየሳምንቱ አንድ ሊትር ተኩል እንጨምራለን። ዘይቱ የት ነው የሚሄደው?»

ሒሳቡን ሠራሁት፤ በየ400 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ሆነ። በመሠረቱ ዘይት ጨርሶ የማትጨርስ መኪና የለችም። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የሚቀረው ስስ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ጥቂት በጥቂት ይቃጠላል። ብዙ የመኪና ፋብሪካዎች በመመሪያ መጽሐፋቸው ለ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ አንድ ሊትር ያህል ቢጎድል ብልሽት አይሉትም። የእኛይቱ ግን ከዚህ ከሁለት እጥፍ በላይ ትጠጣ ነበር።

አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ሜካኒኩ ኮፈኑን አንሥቶ ወዲያው መለሰና፣ «ሞተሩ ይውረድ፤ ፋሻ ጨርሷል» አለን። መለኪያ አላነሣም፣ ጥያቄም አልጠየቀም። የጠራው ገንዘብ ከአጎቴ የብዙ ወር ጡረታ የሚበልጥ ነበር። አጎቴ ያን ሌሊት ዕንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ በማግሥቱ ግን ሌላ ሐሳብ አገኘሁላቸው። ያ ሐሳብ ባይመጣብኝ ምንኛ ደስ ባለኝ!

የአጎቴን መዝገብ ወስጄ እንደ ተማሪ ደብተር አረምሁት። በመካከሉ አንድ ሳምንት ሾፌሩ ወባ ታሞ ተኝቶ ነበር። በዚያ ሳምንት መኪናይቱን የነዷት አጎቴ ራሳቸው ሲሆኑ፣ ከሴቻ ወደ ሲቀላ፣ ከሲቀላ ወደ ሴቻ እየተመላለሱ 250 ኪሎ ሜትር ሄደዋል። በእኔ ስሌት ከስድስት መቶ ሚሊ ሊትር በላይ ዘይት መጉደል ነበረበት። መዝገቡ ግን «ዘይት አልተጨመረም» ይላል። ልጁ ድኖ ወደ ሥራው በተመለሰበት ሳምንት ዘይቱ እንደ ገና ይጎድል ጀመር።

«ነገሩ ተገልጧል» አልሁ። «ልጁ ሲኖር ዘይቱ ይጠፋል፤ ልጁ ሲታመም ዘይቱ አይነካም። እንግዲህ ዘይቱን የምትጠጣው መኪናይቱ አይደለችም።»

አጎቴ ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን የወንድማቸው ልጅ ኮሌጅ ገብቶ የተማረ መሆኑን ከልክ በላይ ያምናሉ። ልጁን ጠርተው በጨዋ ቃል ቁልፉን እንዲያስረክብ ነገሩት። አልጮኸም፤ አልማለም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ወደ እኔ ዞረና፣

«መምህር፣ እርስዎ ካሉ ይሁን። ግን አንድ ቀን እንኳ አብረውኝ ወጥተው አላዩም» ብሎ ሄደ።

ከተማችን ትልቅ አይደለችም። ዘይት ይሸጣል ተብሎ የተባረረ ሾፌር፣ ወሬው ከእሱ ቀድሞ መናኸሪያ ይደርሳል። ልጁ ሁለት ሳምንት በላይ ሥራ ሲጠይቅ ሰንብቶ የሚቀጥረው አላገኘም።

በዚህ መካከል አዲስ ሾፌር ሳይገኝ መኪናይቱ ቆማ ስለ ነበረ፣ አንድ ወዳጃችን ሲቀላ ውስጥ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ሜካኒክ መራን። በግራና በቀኝ ጆሮአቸው እርሳስ ሰክተው፣ በቱታ ላይ ኮት ደርበው የሚሠሩ ሰው ናቸው። የሞያቸውን ቃላት ሁሉ ከጣሊያኖቹ በወረስነው አጠራር ይጠሩታል፤ ለእሳቸው ሻማ ካንዴላ፣ የሲሊንደሩ ክዳን ቴስታታ፣ የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ ማርሚታ ነው። ስለ ልጁም ጨምሬ ሁሉን ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጁ ታሞ በተኛበት ሳምንት ጨንቻ ወጥታችኋል?»

«አልወጣንም፤ በከተማ ብቻ ነው» አልሁ።

«እንግዲያው መምህር፣ በዚያ ሳምንት የተለወጠው ሰው ብቻ አይደለም፤ መንገዱም ተለውጧል። ታዲያ ጥፋቱን ለልጁ ሰጥተው ለዳገቱ ያልሰጡት ለምንድን ነው?»

አንባቢ ሆይ፣ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ መጀመሪያ የማስተምረው ይህንኑ ነው። በአንድ ሙከራ ውስጥ ሁለት ነገር አብሮ ከተለወጠ፣ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደ ሆነ መናገር አይቻልም እላቸዋለሁ፤ በፈተናም እጠይቃቸዋለሁ። በዚያ ቀን ፈተናውን የወደቅሁት እኔ ነበርሁ። ላብ በጀርባዬ ሲወርድ ተሰማኝ፤ የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዳይመስላችሁ።

አዛውንቱ ግን ሊያሳፍሩኝ አልፈለጉም። «እንለካለን» አሉ። ከዚያም መርማሪ ሐኪም በሽተኛውን እንደሚያይ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ምንም ከማያስወጣው ብዙ ወደሚያስወጣው በቅደም ተከተል ያዙት። ለባለ አሮጌ መኪና ሁሉ የሚጠቅም ስለ ሆነ ቅደም ተከተሉን እንዳየሁት እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ መለኪያውን ራሱን መረመሩ። አጎቴ ዘይቱን የሚለኩት በግቢያቸው ውስጥ ነበር፤ ግቢው ግን ተዳፋት ነው። መኪና ወደ አንድ ወገን አዘንብላ ስትቆም ዘይቱም ያዘነብላል፤ የመለኪያው ዘንግም ውሸት ይናገራል። ደግሞ ሞተሩ እንደ ጠፋ ወዲያው ቢለካ፣ ዘይቱ ገና ከላይ ተንጠባጥቦ ወደ ታች ስላልወረደ የጎደለ ይመስላል። ባለቤቱም ጎደለ ብሎ ይጨምራል። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት ደግሞ እየተናጠ ይቃጠላል። ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፤ ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ታግሦ፣ ዘንጉን አውጥቶ ጠርጎ፣ እንደ ገና አግብቶ ማንበብ። በመኪናይቱ ላይ እስከ ላይኛው ምልክት ሞልተው የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በእርሳስ ጻፉ።

ሁለተኛ ወደ ውጭ የሚፈስ እንዳለ ተመለከቱ። ሞተሩን ከውጭ አጥበው አደረቁና፣ ሌሊቱን ከበታቿ ንጹሕ ካርቶን አነጠፉ። ጠዋት በካርቶኑ ላይ ሁለት ጠብታ ብቻ ተገኘ። ሁለት ጠብታ የሚያሳዝን እንጂ የሚያደኸይ አይደለም። የራዲያተሩንም ውሃ አዩት፤ ዘይት አልተንሳፈፈበትም። የዘይት መሙያውንም ክዳን ገልብጠው አዩ፤ ወተት የመሰለ ነገር አልተገኘበትም። ስለዚህ ዘይትና ውሃ አልተቀላቀሉም። ዘይቱ የሚጠፋው በውስጥ ተቃጥሎ ነው ማለት ነው። ጥያቄው በየት በኩል ገብቶ ተቃጠለ የሚለው ሆነ።

በሁለት በር ሊገባ ይችላል አሉኝ። አንደኛው ከታች ነው። በእያንዳንዱ ፒስተን ላይ ፋሻ የሚባሉ ሦስት የብረት ቀለበቶች አሉ፤ ሁለቱ ግፊቱን ሲይዙ ሦስተኛው ዘይቱን ከግድግዳው እየጠረገ ወደ ታች ይመልሳል። እነዚህ ካለቁ ዘይት ከታች ወደ ላይ ያልፋል። ሁለተኛው በር ከላይ ነው። በእያንዳንዱ ቫልቮላ ዘንግ ላይ እንደ ቆብ የተደፋች ትንሽ ጎሚኒ አለች። ሥራዋ ከላይ የሚረጨው ዘይት በዘንጉ ተንሸራቶ እንዳይወርድ መከልከል ነው። ጎሚኒ ደግሞ በዕድሜና በሙቀት ብዛት እንደ ቆርበት ይደርቃል። ፋሻ ለመለወጥ ሞተሩ መውረድ አለበት፤ ጎሚኒ ለመለወጥ ግን መውረድ የለበትም። በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ልዩነት ለአጎቴ የብዙ ወር ጡረታ ነበር።

«የትኛው እንደ ሆነ በምን ይታወቃል?» አልኋቸው።

«የጨንቻ መንገድ ይነግረናል» አሉ።

በማግሥቱ አዛውንቱ ራሳቸው ነዷት፤ እኔ በተዋስሁት ሞተር ብስክሌት ከኋላ ተከተልሁ። ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን በሚወስደው ጎዳና ሄደን ወደ ተራራው ታጠፍን። ከመነሣታችን በፊት የጭስን ነገር አስጠንቅቀውኝ ነበር። ጥቁር ጭስ ያልተቃጠለ ቤንዚን ነው። ነጭና ወዲያው የሚጠፋ የውሃ እንፋሎት ነው። ሰማያዊ የሚመስልና በአየር ላይ የሚቆይ፣ ሽታውም ዐይን የሚቆጠቁጥ፣ እርሱ ዘይት ነው። በደጋ ግን ሰው ይሳሳታል። ጨንቻ አጠገብ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ካርቡራተር ያላት አሮጌ መኪና ግን ይህን ስለማታውቅ ቤንዚኑን እንደ ቆላ ትሰጠዋለች፤ ስለዚህ ጥቁር ታጨሳለች። በጠዋቱ ብርድና ጉም ደግሞ ጤነኛዋም መኪና ነጭ ትተነፍሳለች። ሁለቱም የዘይት ምልክት አይደሉም።

ዳገቱን ሁሉ ዐይኔን ከጭስ ማውጫው ላይ ሳልነቅል ወጣሁ። ሸክም ያለባት ሞተር ባለ በሌለ ጉልበቷ ስትጎትት፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይላል። ፋሻ ያለቀባት መኪና ሰማያዊ ጭሷን የምትዘረጋው በዚህ ጊዜ ነው። የእኛይቱ ዶርዜ እስክትደርስ ድረስ ሰማያዊ አላሳየችም፤ ከላይ ጥቂት ጠቆረች፤ ይህም እንደ ተነገረኝ ነው።

ጨንቻ ሻይ ጠጥተን ተመለስን። አዛውንቱ በሁለተኛ ማርሽ ይዘው፣ እግራቸውን ከነዳጁ ላይ አንሥተው ቁልቁለቱን ወረዱ። ከግርጌው ደርሰን መንገዱ ሜዳ ሲሆን ነዳጅ ሰጡ። በዚያች ቅጽበት ከጭስ ማውጫው አንድ ትልቅ ሰማያዊ ደመና ወጥቶ እኔንና ሞተር ብስክሌቴን ሸፈነን። ሳልሁ፤ ዐይኔ አለቀሰ። ያለቀሰው ግን በጭሱ ብቻ አልነበረም።

በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ የሣልሁት ነገር ነበር! ነጂው እግሩን ከነዳጅ ሲያነሣ የአየሩ መግቢያ ይዘጋል። መንኰራኵሩ ግን ሞተሩን በኀይል ያዞረዋል። ሞተሩ አየር ለመሳብ ይታገላል፤ መግቢያው ዝግ ስለ ሆነ በውስጡ ብርቱ መሳብ ይፈጠራል። ጎሚኒው ደህና ከሆነ ምንም አይመጣም። ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን ያ መሳብ በቫልቮላው ዘንግ በኩል ዘይቱን እንደ ሕፃን ጡት ይስበዋል። ቁልቁለቱ ረዥም በሆነ መጠን የሚሳበው ዘይት ይበዛል፤ ከታች ነዳጅ ሲሰጥ ያ ሁሉ ባንድነት ይቃጠላል። በከተማ ውስጥ ግን ይህን የመሰለ ረዥም ቁልቁለት የለም። አጎቴ በነዱበት ሳምንት ዘይቱ ያልጎደለው ለዚህ ነው።

በዚያው ቀን ያንኑ መንገድ ደገምነው፤ በድምሩ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ሜዳ ላይ አቁመን አሥር ደቂቃ ጠብቀን ለካን። ሲሶ ሊትር ያህል ጎድሎ ተገኘ። በመኪናይቱ ላይ ከአዛውንቱ በቀር ሰው አልነበረም።

«ይኸው» አሉ አዛውንቱ፣ «ዘይቱን የሸጠው ቁልቁለቱ ነው።»

ነገሩ እንዲጸና ሁለት ምርመራ ጨመሩ። አራቱን ካንዴላዎች ፈተው አሳዩኝ፤ በዘይት ጥቀርሻ ቢነኩም የራሱ አልነበሩም። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ የግፊት መለኪያ አስገብተው እያንዳንዱን ሲሊንደር ለኩ፤ አራቱም በ9 ባር ተኩልና በ10 ባር መካከል ሆኑ። እኔ መመሪያው ከሚለው ያንሳል ብዬ ልደነግጥ ስል፣ «መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በአርባ ምንጭ ከፍታ አየሩ ከአሥር እጅ አንድ እጅ በላይ ስለሚሳሳ ንባቡም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ዋናው አራቱ እርስ በርሳቸው መቀራረባቸው ነው። በመጨረሻም በየሲሊንደሩ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደ ገና ለኩ። ፋሻ ያለቀ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚደፍነው ግፊቱ በጣም ከፍ ይል ነበር። ንባቡ ግን እምብዛም ፈቀቅ አላለም። ፋሻው ነጻ ወጣ፤ ሞተሩም ከመውረድ ዳነ።

ጥገናው አንድ ቀን ተኩል ወሰደ። ሲሊንደሮቹ አራት፣ ቫልቮላዎቹም ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ስለ ሆኑ ጎሚኒዎቹ ስምንት ናቸው። ቴስታታው ሳይወርድ ጎሚኒ ሲለወጥ ቫልቮላው ወደ ሲሊንደሩ እንዳይወድቅ መደገፍ አለበት። አዛውንቱ ለዚህ የተጠቀሙበት በካንዴላው ቀዳዳ የገባ የናይለን ገመድ ነበር፤ ሞተሩን በእጅ ሲያዞሩት ፒስተኑ ገመዱን ወደ ላይ ገፍቶ ቫልቮላውን ደገፈው። የሞተሩን የውስጥ ትንፋሽ የሚያስወጣው ቱቦም በዝቃጭ ተዘግቶ ስለ ተገኘ አጠቡት፤ ትንፋሹ የታፈነ ሞተር ዘይቱን በየቀዳዳው ይገፋልና። የስምንቱ ጎሚኒና የእጅ ዋጋ ተደምሮ ያ የመጀመሪያው ጋራዥ ከጠራው ገንዘብ ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አልሞላም። ከዚያ ወዲህ በ1,000 ኪሎ ሜትር የሚጎድለው ከሩብ ሊትር እምብዛም አይበልጥም።

መኪናይቱ ዳነች፤ የልጁ ስም ግን ገና አልዳነም ነበር። በቀጣዩ እሑድ አጎቴና እኔ ወደ ዶርዜ ወጣን። በጋሞ ምድር እርጥብ ሣር የሰላም ምልክት መሆኑን አገሩ ሁሉ ያውቃል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ስለ ፈሰሰው ደም የተቈጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው መለሷቸው። ምንም ያላጠፋውን ሰው በዘሩ ብቻ እንዳይነኩት ነው የለመኑት። ይህን በሚያህል ነገር የእኔን የዘይት ነገር ማነጻጸር ድፍረት ነው። ግን በመንገዱ ሁሉ አእምሮዬን ያልለቀቀው እሱ ነበር። በዚህ አገር ሽማግሌ ቁጣውን ሳያጣራ እንዳይመታ ይለምናል፤ እኔ የተማርሁት ግን ሳላጣራ መታሁ።

የልጁ አባት ከሽመናቸው ጉድጓድ ወጥተው በቀርቀሃ በተሠራችው ረዥም ቤታቸው ደጃፍ ተቀበሉን። አጎቴ ሊናገሩ ሲጀምሩ አስቀድሜ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሳቸው የሰሙት እኔን ነው» አልሁ። ሁሉንም ለአባትየውና ለልጁ ዘርዝሬ ነገርሁ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። አባትየው ጥቂት ዝም ብለው፣

«መምህር፣ እኛ ሸማኔዎች ክር ሲበጠስ መጀመሪያ የት ላይ እንደ ተበጠሰ እንፈልጋለን፤ ሳያዩ የሚቀጥሉ ሰዎች ሸማውን ያበላሻሉ» አሉኝ። ከዚያም ቆጮ ከማርና ከዳጣ ጋር አቀረቡልን። ቁጣቸው በዚያች አንዲት ቃል አለቀች። የእኔ ኀፍረት ግን እስከ ዛሬ አላለቀም።

አጎቴ ልጁን ወደ ሥራው መለሱት፤ ሥራ ያጣባቸውን ቀኖች ደመወዝም ከፈሉት። ከዚያ በኋላ አብሬው መናኸሪያ ሄጄ በሾፌሮቹ ፊት ያለውን ነገር ተናገርሁ። ወሬውን ያስነሣሁት እኔ ነኝና ማስተባበሉም የእኔ ሥራ ነበር። አንዳንዶቹ ሳቁብኝ፤ መሳቃቸው ግን ለልጁ ጠቀመው።

እንግዲህ ወጣቶች አንባቢዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ ገና በትምህርት ላይ ናችሁ፤ የቀራችሁትም ከትንሽ ደመወዛችሁ ቆጥባችሁ አንድ ቀን አሮጌ መኪና ለመግዛት ታስቡ ይሆናል። የምትገዟትን መኪና ሞተሯ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሡ፤ ሌሊቱን በጎሚኒው የተንጠባጠበ ዘይት ካለ በመጀመሪያው ትንፋሿ ሰማያዊ ጭስ ታሳያችኋለች። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ከቻላችሁ ረዥም ቁልቁለት አውርዳችሁ ከታች ነዳጅ ስጡና በመስተዋት ወደ ኋላ ተመልከቱ። የተሞላው ዘይት ቁጥሩ ስንት እንደ ሆነም ጠይቁ፤ ጭስ ለመደበቅ ከሚገባው በላይ ወፍራም ዘይት የሚሞላ ሻጭ አለና። ከገዛችሁም በኋላ ሜዳ ላይ ለክታችሁ፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። አጎቴ መዝገብ ባይይዙ ኖሮ አዛውንቱ መንገዱ መለወጡን አያውቁም ነበር፤ እኔ ልጁን የከሰስሁበት መዝገብ ልጁን ነጻ ያወጣውም እሱ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በሽታ መደበቅ ብቻ ሳይሆን፣ የመኪናን በሽታ በሰው ላይ መለጠፍም አለ። በየመሥሪያ ቤታችሁ ፋይል ሲጠፋ፣ ሒሳብ ሲጎድል፣ ሥራ ሲበላሽ፣ መጀመሪያ ዐይን የሚያርፈው አቅመ ቢሱና አንደበተ ቁጥቡ ላይ ነው። እባካችሁ አንድ ጊዜ ከእሱ ጋር ዳገቱን ወጥታችሁ ቁልቁለቱን ውረዱ። ዘይቱን የጠጣው ማን እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ ተናገሩ።